ለቃልዎ ምን አስያዙ?

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ፤ መሥሪያ ቤትዎን አልጠራም፣ እርስዎ ያውቁታል።
ጎንደር

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም ማኅተም ተመትቶባቸው መዝገብ ቤት ተኝተዋል። ስለዚህ አራተኛውን በአደባባይ ጻፍኩት።

ሐምሌ ላይ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ቦዩ እኛ ሰፈር ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ ነው። ዝናብ ሲሞላው ከመንገዱ አይለይም።

በወሩ ስብሰባ ጠሩን። ባነር ተሰቅሏል፣ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። አርባ ደቂቃ ከወረቀት አነበቡልን። ቀና ያሉት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ፎቶ ሲነሱ። አክስቴ በክራንች ተነሥታ «ክዳኑ መቼ ነው የሚገጠመው?» አለች። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቅርቡ» አሉ። ቀጥለው ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር እንዳለበት አስረዱን።

ክቡር ኃላፊ፣ የአክስቴ እግር በቂ ግንዛቤ አለው።

ማሳመን ማለት ማይክ ይዞ መደጋገም መስሎዎታል። አርስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት ሰውን የሚያሳምኑት ሦስት ነገሮች ናቸው ብሏል፦ የተናጋሪው ማንነት፣ የሰሚው ስሜትና የነገሩ ማስረጃ። ከሦስቱም የመጀመሪያውን ከሁሉ ይበልጣል ሊል ምንም አልቀረው። ይህን በየሥልጠናው ሳይሰሙት አይቀሩም፤ አበሉ ግን ሳይታወስዎ አይቀርም።

አርስቶትል ይቅር። የእኛ ሰዎች በላ ልበልሃ ሲሟገቱ ለቃላቸው ማር ወይም በቅሎ ያስይዙ ነበር። እሰጥ አገባ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። የተረታ ይከፍላል። እርስዎ «በቅርቡ» ሲሉ ምን አስያዙ? ክረምቱ አለፈ፣ ምን ከፈሉ?

እኛ ደክሞን አንድ በያጅ ጠራን። ገና ልጅ ነው፣ እጁ በግሪስ የጠቆረ። ጎንበስ ብሎ ቦዩን ለካ። ዋጋውን ነገረን። ውድ ነው ብንለው የብረቱን ውፍረት በጣቱ እያሳየ «ቀጭኑ ይረክሳል፣ ግን ባጃጅ ሲያልፍበት ይጎብጣል» አለ። ከዚያ «ሐሙስ» አለና ሜትሩን ለአክስቴ ሰጣት። «ይሄን ያዢልኝ እማማ፣ ያለሱ መሥራት አልችልም።» እንግዲህ ማን ይጠራጠረዋል? ገንዘቡን እዚያው አዋጣን።

ሐሙስ መጣ።

ደረሰኙን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከእኛ ዝቅ ብሎ ግን ክዳን የሌላቸው ሁለት ቦዮች አሉ፣ አንዱ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ላይ ነው። ቀን ቆርጠው በፊርማዎ ይጻፉልን። ስብሰባ አይጥሩን።

አመልካች