የአይሲቲ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ፦ የሰርቨራችን ትኩሳት

ሌሎቹ ክበባት ዘገባቸውን በፎቶ አጅበው አቅርበዋል። የእኛ ክበብ ዓመቱን ሙሉ የደከመበት አንድ ጥቁር ሳጥን፣ ማለትም መጻሕፍትን አስቀምጦ በዋይፋይ ለልጆች የሚያድል ኮምፒውተር (ሰርቨር)፣ ስለሆነና ፎቶ ቢነሳም የሚያምር ነገር ስለሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ እንዲያልፉን አዘጋጆቹን ለምኛለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይዞራሉ፤ ሆኖም አንዱ ልጅ በራሱ ፓኬጅ አውርዶ ለጓደኛው በፍላሽ ሲሰጥ ፍላሹ ቫይረስ ተሸክሞ ይመለሳል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የክበቡ ጸሐፊ "ቲቸር፣ ለምን እዚሁ ግቢ ውስጥ አናስቀምጠውም? ሁሉም በዋይፋይ ይወስዳል" አለች። ለዚህ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም።

የኮምፒውተር ላቡ ጥግ ከተከመሩት አሮጌ ዴስክቶፖች ሦስቱን ፈታን። ከሦስቱ አንድ ደህና ማሽን ወጣ፤ ሲፒዩው (ስሌቱን የሚሠራው የማሽኑ አንጎል) ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ ራሙ 8 ጊጋባይት። ባለ 1 ቴራባይት ዲስኩን ብቻ በክበቡ መዋጮ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ገዛን። ኡቡንቱ ሰርቨር የተባለውን ነፃ ስርዓተ ክወና ጫንንበት፤ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስንም ጨመርን። ታኅሣሥ ላይ ልጆች መጽሐፋቸውን በስልካቸው እየወሰዱ ነበር። ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር ያለፍኩት ቀላል ስለነበረ ነው። ያስቸገረን ሙቀቱ ነው።

ስርቆት ፈርቼ ሰርቨሩን የላቡ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩበት እኔ ነኝ። በታኅሣሥና በጥር፣ ድሬም ጠዋት ጠዋት ሹራብ በምታስለብስበት ወቅት፣ ምንም አልታየም። ግንቦት ሲገባ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ከተማው በሙሉ ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ሰርቨሩም እየተንቀረፈፈ መጽሐፍ ለማውረድ ያስለምን ጀመር። ልጆቹ ዋይፋዩን አሙት። እኔም አምኜ ራውተሩን ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርኩለት። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ጭራሽ ጠፋ። ቁም ሳጥኑን ስከፍት እንደ ዳቦ ምድጃ ያለ ትኩስ አየር ፊቴን ገረፈኝ።

ለካ ማሽኑ ቀደም ብሎ ሲነግረን ነበር። ሲፒዩ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ብሎ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ይህም ካልበቃው ይጠፋል። እኛ በዋይፋይ ያሳበብነው መንቀርፈፍ ትኩሳቱ ነበር።

ልጆቹ መድኃኒቱ ፋን ነው አሉ። ከሞቱት ማሽኖች ሦስት ፋን ነቅለው ገጠሙ። ላቡ እንደ አውሮፕላን ጮኸ፤ ሙቀቱ ግን የወረደው 2 ዲግሪ ብቻ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን በበሩ ሲያልፉ ቆም ብለው "ይሄ ነገር ስንት ዋት ይበላል?" ሲሉ ጠየቁ። ወደ 60 ገደማ አልናቸው። "የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ 60 ዋት አምፖል አብርታችሁ ማራገቢያ ጨመራችሁበት ማለት ነው። ጫጩት ልታሳድጉ ከሆነ ጥሩ ነው" ብለው ሄዱ። ሰርቨር የሚበላው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ሙቀት እንደሚሆን በፊዚክስ ክፍል ደጋግሜ ያስተማርኩት እኔው ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ነው በሥርዓት መለካት የጀመርነው። ከኬሚስትሪ ላብ በተዋስነው ቴርሞሜትር የክፍሉን፣ ማሽኑ ራሱ ከሚያሳየው ደግሞ የሲፒዩውንና የዲስኩን ሙቀት በየሰዓቱ ደብተር ላይ መዘገብን። ዋናው ቁጥር በሲፒዩውና በክፍሉ መካከል ያለው ልዩነት መሆኑን ያየችው ጸሐፊዋ ናት። ማሽኑ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ልዩነቱ 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሲሆን ከ55 ያልፋል። ፋን ሙቀትን ያጓጉዛል እንጂ ብርድ አይፈጥርም፤ ሲፒዩውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም። መውጫ ከሌለው ደግሞ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል።

አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ እናቱ ውኃ የሚያቀዘቅዙት ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ስለሆነ፣ እኛም ቁም ሳጥኑን እንዲያ እንድናደርግ ሐሳብ አቀረበ። በጣም የወደድኩት ሐሳብ ነው፤ ውኃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ግን እርጥበትና ማዘርቦርድ አንድ ቤት ውስጥ አይኖሩም፤ በብረቱ ላይ ዝገትም ያመጣል። ሙሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ተከራክረንበት ተውነው።

በመጨረሻ ብየዳ የሚችሉት የግቢው ጥበቃ ከቁም ሳጥኑ በር ግርጌና ከጀርባው አናት ላይ ቆርጠው ወንፊት ሽቦ በየዱልን። ከታች አንድ ፋን ያስገባል፣ ከላይ አንድ ያስወጣል፤ ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መንገዱን አገዝነው። ቢሆንም ገና አልበረደም። ጸሐፊዋ ከቤቷ ዕጣን አምጥታ በታችኛው ወንፊት ስር አጨሰች። ጭሱ ገባና ወዲያው ተመልሶ ወጣ፤ የላይኛው ፋን ተገልብጦ ስለተገጠመ እሱም ወደ ውስጥ ይነፋ ነበር። ከፋኑ ጎን ላይ የአየሩን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ማንም አላየውም፣ እኔም ጭምር።

ቀጥሎ ሂት ሲንኩን፣ ማለትም ከሲፒዩው ላይ ሙቀቱን የሚቀበለውን ብረት፣ ስናነሳ ከስሩ ያለው ተርማል ፔስት እንደ ኖራ ደርቆ ተገኘ። ሥራው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን የማይታይ ክፍተት መሙላት ነው፤ አየር ሙቀት ማስተላለፍ አይችልበትምና። የመጀመሪያው ቀቢ ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ቀብቶት በጥጥ አስጠረግሁት። አንድ ፍሬ ምስር ያህል ይበቃል። ለአቧራው የታችኛውን ወንፊት በስቶኪንግ ሸፈንን፤ በየዓርቡ ይታጠባል። አንድ ዓርብ ተረስቶ ሰኞ ላይ ደብተሩ 4 ዲግሪ ጭማሪ አሳይቶ አሳበቀብን።

አዲስ አበባ የሚማር የቀድሞ አባላችን ደውሎ "እዚህ ቢሆን ችግር የለም" ብሎ ሊያስቀናን ሞከረ። እርግጥ ክፍላቸው ቀዝቃዛ ነው። ግን ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ፣ የዚያው ፋን አንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ከእኛው ያንሳል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ድል እንዳደረጉ ሁሉ አጨበጨቡ።

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከእንግዲህ በጸሐፊዋ እጅ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆይ የዩፒኤስ ባትሪ ያስፈልገናል። የደብተሩ የሰኔ የመጨረሻ መስመር በእሷ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ "8 ሰዓት። ክፍል 35፣ ሲፒዩ 66፣ ዲስክ 43። መብራት ሄደ።"