ያኔ ለጠየቅከኝ

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህ፣ ቤቱ፣ እናትህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብህ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በለኝ።

ልሄድ ሰሞን ክራርህን እየቃኘህ «ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ምን ያደርግልሃል?» ብለኸኝ ነበር። ያኔ መልስ አጣሁ። ዛሬ አለኝ።

ክር ሲያጥር ድምፁ እንደሚቀጥን አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። እኔ የምሠራው ነገር ከትንሽነቱ የተነሳ በሴኮንድ 20 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። የሰው ጆሮ ቢበዛ 20 ሺህ ነው የሚሰማው። እኛ የምናዳምጠው በሌዘር ነው።

ጋሊየም አርሰናይድና አሉሚኒየም አርሰናይድ የሚባሉ ሁለት ሰሚኮንዳክተሮችን፣ ማለትም ቺፕ የሚሠራባቸውን ዓይነት ቁሶች፣ እያፈራረቅን እንደ እንጀራ እንደራርባለን። የአንዱ ንጣፍ ውፍረት ከ60 እስከ 75 ናኖሜትር ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ብርሃን በየድንበሩ ጥቂት ጥቂት እየተመለሰ ይሄዳል። ውፍረቱ ልክ ከሆነ ተመላሾቹ ተደጋግፈው መስታወት ይሆናሉ። ሁለት መስታወት ፊት ለፊት አድርገን ብርሃኑን መሃል እናስቀረዋለን።

አሁን ስማኝ። ብርሃን በአሉሚኒየሙ ውስጥ ከጋሊየሙ ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ድምፅም እዚያው በ20 በመቶ ገደማ ይፈጥናል! ስለዚህ ለብርሃን የተለካው ንጣፍ ለንዝረቱም ልክ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዱ ቤት ሁለቱንም ይይዛል። ይህን ማንም አላቀደውም፤ ቁሶቹ እንዲሁ ናቸው። የአርጀንቲናው የፊዚክስ ተመራማሪ አሌሃንድሮ ፋይንስታይን ከፈረንሳይ ባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንዲህ ቶሎ ቶሎ መርገብገቡ ለምን ይጠቅማል? ሙቀት ሁሉን ነገር ያንቀጠቅጣል። በሴኮንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገበውን ዝም ለማሰኘት ከአንድ ኬልቪን (ከመጨረሻው ቅዝቃዜ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) አሥር ሺህኛ በታች መውረድ ያስፈልጋል። የኛ ግን ሩብ ኬልቪን ላይ ዝም ይላል ማለት ይቻላል። ዝም ካለ በኋላ ነው የኳንተም ባሕርዩ፣ ማለትም የጥቃቅን ነገሮች ልዩ ጠባይ፣ የሚታየው። ብዙ የኳንተም ኮምፒውተር ቺፖች በጊጋኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ በቢሊዮን በሚቆጠር ንዝረት፣ ነው የሚነጋገሩት፤ ሩቅ አገር መልእክት የሚያደርሰው ደግሞ ብርሃን ነው። በመሃላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የማይሰማው ድምፅ ሥራው ይኸው ነው።

ባለፈው መስከረም ሦስት ወር የደከምኩበት ናሙና ተበላሸብኝ። ንጣፎቹ በ2 በመቶ ወፈሩ፤ ሌዘሬ አልገጥም አለ። አዝኜ ተቀመጥኩ። ለማንኛውም ብዬ ንዝረቱን ስለካው እሱም በ2 በመቶ ወርዷል፤ ልክ እንደ ብርሃኑ። ሲሳሳቱም አብረው ነው። ያን ቀን አንተን አሰብኩህና ለመጻፍ ቆረጥኩ።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ክራሩ አሁንም አለ? ስትቃኘው ቀድተህ ላክልኝ፤ ዘፈኑን ሳይሆን መቃኘቱን።

ያንተው ወንድም