የላክሽልኝን ፊልም አየሁት

ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ክረምቱ ስለገባ ጉልበቴ ብቻ ያስቸግረኛል።

በፍላሽ የላክሽልኝን «ዘ ስትሬት ስቶሪ» የሚባለውን ፊልም አየሁት። «እማዬ፣ ያስቅሻል» ብለሽኝ ነበር። አሳቀኝ፣ አልዋሽም። የፊልሙ ሽማግሌ የመጀመሪያዋ የሣር ማጨጃ መኪናው ስትለግምበት በጠመንጃ ሲላት የጎረቤት ልጆች ተንከተከቱ። ግን ለሳቅ ብቻ የላክሽው አልመሰለኝም። ወይም አንቺ ለሳቅ ልከሽው እኔ ሌላ ነገር አይቼበት ይሆናል።

የገባኝን ልንገርሽ፤ ከተሳሳትሁ አርሚኝ። እንግሊዝኛውን የተረጎመልኝ የጎረቤት ልጅ ነው፣ እሱም አንዳንዱን ከራሱ እየጨመረ።

አልቪን ስትሬት የሚባል የ73 ዓመት ሰው አለ። አገሩ አዮዋ ነው፣ አሜሪካ። ወንድሙን ስትሮክ እንደመታው ይሰማል። ከዚህ ወንድሙ ጋር አሥር ዓመት አልተነጋገሩም። ዓይኑ ደክሟል፣ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ የሚቆመው በሁለት ምርኩዝ ነው። እና ምን አደረገ? ሰው ቁጭ ብሎ በሚነዳት አሮጌ የሣር ማጨጃ መኪና ላይ ወጣ። ከኋላዋ ተጎታች አሰረ። ዊስኮንሲን ወዳለው ወንድሙ ጉዞ ጀመረ። ልጁ ስልኩን ጎርጉሮ እንደነገረኝ ፈጠራ አይደለም። በፈረንጆቹ 1994 በእውነት የሆነ ነው። ዴቪድ ሊንች የተባለው ዳይሬክተር በ1999 ፊልም አደረገው። መንገዱ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል።

ርቀቱ 386 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው አለኝ። ይሄ እኮ አዲስ አበባ ካለው ከአንቺ ቤት እስከ እኛ ፍኖተ ሰላም ማለት ነው! እስኪ አስቢው። ገብረ ጉራቻን፣ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ እያለ፣ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር በማትሞላ ነገር። የመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ በቆሎ ነው። ጃቢ ጠህናን መሰለኝ። እነሱ በኮምባይነር ያጭዱታል እንጂ መሬቱስ የእኛው ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን አናደደኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ሁለት ወንድማማች ሲኳረፉ ሰው ዝም ብሎ ያያል? የነፍስ አባት የላቸውም? እድርተኛ የለም? ጎረቤት ምን ይሠራል? እኛ ጋ ቢሆን ገና በሳምንቱ ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች በሩን ያንኳኩ ነበር። ይህን ብዬ ሳልጨርስ የአንቺና የወንድምሽ ኩርፊያ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ። እናንተም ዘንድ ጋቢ የለበሱት መጥተው ነበርና።

መጨረሻው አካባቢ አንድ ቄስ ያገኘዋል። ወንድምህን ሆስፒታል አግኝቼዋለሁ፣ ወንድም እንዳለው ግን አልነገረኝም ይለዋል። ሽማግሌው ሁለታችንም ወንድም ከሌለን ቆይቷል ብሎ መለሰ። ባለፈው ጓደኛሽ ወደ ባሕር ዳር ስታልፍ እኔ ዘንድ ገብታ ቡና ጠጣች። ግድግዳው ላይ የወንድምሽን ፎቶ አየችና «ይሄ ማነው?» አለችኝ። ከአንቺ ጋር ስንት ዓመት የሠራች ልጅ! ምን እንደመለስሁላት አልነግርሽም።

እንዴት እንደተጣሉ ፊልሙ በዝርዝር አይናገርም። መጀመሪያ ቅር አለኝ። በእኛ ሽምግልና እኮ «ምን አለህ? አንተስ ምን አልኸው?» ሳይባል አይጀመርም። በኋላ ሳስበው ግን ቢነገረን ኖሮ እኛም ፈራጅ ሆነን አንዱን እንይዝ ነበር። ስለ አባታችሁ ቤት እኔም እዚህ ደብዳቤ ላይ አንድ ቃል አልጽፍም። የተባለው ሁሉ ተብሏል።

ደጋግሜ ያሰብሁት ሌላ ነው። አንድ ደግ ሰው በመኪናዬ ላድርስህ ሲለው አልቪን እምቢ አለ። ልጆቹ «ይሄ ሽማግሌ ጅል ነው እንዴ?» አሉ። እኔ ግን ገባኝ። በአገራችን ከባድ ጥል ሲታረቅ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። አያትሽ ያዩትን ሲያወሩ ሰምተሻል። ድንጋዩን የተሸከመ ሰው ደጅ ሲደርስ ለምን እንደመጣ አይጠየቅም፣ ድንጋዩ ተናግሮለታል። ያቺ ማጨጃ የአልቪን ድንጋይ ናት። በመኪና ቢሄድማ በአንድ ቀን ይደርስ ነበር፤ ግን ባዶ ጫንቃውን ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው ሲገናኙ ማንም ይቅርታ ያላለው። ወንድምየው ማጨጃዋን አየ፣ እኔን ለማየት በዚህ ነው የመጣኸው? አለ፣ አዎ አለው፣ በቃ። የእኛ ፊልም ቢሆን ሆስፒታል አልጋ ላይ ይተቃቀፉና ሙዚቃው ጆሮ ይበጥስ ነበር።

በነገራችን ላይ ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ፋርንስዎርዝ ያን ጊዜ ራሱ ካንሰር ይዞት ነበር አሉ። በ79 ዓመቱ ለኦስካር ታጨ። እርምጃው ትወና ያልመሰለኝ ለካ ወዶ አይደለም። ሽማግሌው የሚያወራውን የጭራሮ እስር ምሳሌ፣ አንዱ ለብቻው ይሰበራል ሲታሰር ግን አይሰበርም የሚለውን፣ ደግሞ ዝለይው፤ እሱን ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለሽ አስተምሬሻለሁ።

እና ልጄ፣ ወንድምሽ በቴሌግራም የጻፈልሽን ይቅርታ አልቀበልም ማለትሽን ሰምቻለሁ። በዚህ ካንቺ ጋር ነኝ። ተኝቶ በአውራ ጣት የተጻፈ ነገር ምን ይከብዳል? ለእሱም ነግሬዋለሁ። ግን አንቺም «መጀመሪያ እሱ ይምጣ» ትያለሽ። አልቪን ማን ጀመረው ብሎ አልጠየቀም። በልጅነትሽ «ወንድም ጋሼ» እያልሽ ከኋላው አትጠፊም ነበር፤ ያን ጊዜ ማን ይቅደም አትይም።

ለእንቁጣጣሽ ዕረፍት ይኖርሻል። መንገዱ ክፍት ከሆነ ነይ፣ ካልሆነ እስኪከፈት ጠብቂ። ስትመጪ ግን እኔ ዘንድ አትውረጂ። ፍኖተ ሰላምን እለፊና ቀጥታ ቡሬ ግቢ። ወንድምሽ ቤት ቀይሯል፤ አዲሱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፣ አረንጓዴ በር። አስቀድመሽ አትደውዪለት፤ እኔም አልነግረውም። ከዚያ ሁለታችሁም ወደ እኔ ትመጣላችሁ። ዶሮው የእኔ ነው፣ እሸቱም ይደርሳል። አንቺ የዓይን ጠብታዬን ብቻ እንዳትረሺ፣ እዚህ ፋርማሲ ጠፍቷል።

እናትሽ