ግንኙነቱ የተጠለፈበት ሰው ይነገረው

ክቡር አዘጋጅ፣

በጎንደር ከተማ በፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና የክስ አቤቱታ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ባለጉዳዮቼ ሰነዶቻቸውን በፌስታል ይዘው ከመምጣት ይልቅ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም መላክ ለምደዋል። ከደባርቅና ከመተማ የሚልኩልኝም አሉ። አንዲት እናት የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባሏን የደመወዝ ማስረጃና ከሐኪም የተሰጣትን የጉዳት ማስረጃ በአንድ ምሽት ትልክና፣ ለጎረቤት እንኳ ያልነገረችውን የትዳሯን ችግር በድምፅ ቀድታ ታስከትላለች። ይህን የምታደርገው መልእክቷን ከእኔ በቀር ማንም እንደማይሰማው አምና ነው። ይህ እምነቷ በሕጋችን ምን ያህል ጥበቃ እንዳለው በጋዜጣችሁ አንባቢያን ዘንድ እንዲታሰብበት እፈልጋለሁ።

የደብዳቤ ምስጢር መከበር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1923 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት እንኳ ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ የሰው ደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ ጥበቃውን ወደ ስልክ፣ ወደ ቴሌኮሙኒኬሽንና ወደ ኤሌክትሮኒክስ ግንኙነቶች አስፍቶ፣ መብቱ ሊገደብ የሚችለው እንደ ብሔራዊ ደኅንነትና ወንጀልን እንደ መከላከል ባሉ በተዘረዘሩ ዓላማዎች ላይ በተመሠረተ ዝርዝር ሕግ ብቻ መሆኑን ያስቀምጣል።

ከእነዚህ ዝርዝር ሕጎች አንዱ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በአንቀጽ 25 መሠረት መርማሪው የተጠርጣሪን የኢንተርኔት ግንኙነት ለመጥለፍ ወይም ለመከታተል የፍርድ ቤት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ይሁን እንጂ ቁልፍ መሠረተ ልማትን ሊጎዳ የሚችል የኮምፒውተር ወንጀል አለ፣ ነገሩም አስቸኳይ ነው በተባለ ጊዜ በወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር በሚባለው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ብቻ ጠለፋው ሊጀመር ይችላል፤ ምክንያቱም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ይቀርባል። አስቸኳይ ሁኔታ አይኖርም አልልም። በስልክ ተታልለው የባንክ ሒሳባቸው የተራቆተ ሰዎች አቤቱታ እኔም ጽፌያለሁ፤ ለእነርሱ ምርመራው የዘገየበት እያንዳንዱ ሰዓት ገንዘባቸው የሚርቅበት ሰዓት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ከ48 ሰዓቱ በኋላ የሚሆነው ነው። ፈቃዱ በፍርድ ቤት ቢጸድቅም ባይጸድቅም፣ ክትትሉ ካበቃ በኋላ ግንኙነቱ የተጠለፈበት ሰው እንዲነገረው አንቀጹ አያዝም። ክስ ካልተመሠረተበት ነገሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም ማለት ነው። በሙያዬ በየቀኑ የማገላብጠው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው። ተከሳሹ በሌለበት ውሳኔ ቢሰጥበት፣ በአንቀጽ 78 መሠረት ውሳኔውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ይነሣልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ስለ አንድ ማሳ ድንበር በሚደረግ ክርክር ለሰው ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያደርግ የሕግ ሥርዓት፣ ስለ ቤተሰቡና ስለ ጤናው የተጻጻፈውን ሁሉ መንግሥት ሲያነብበት አንዳች ነገር ሳይነግረው መቅረቱ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው። ያላወቀውን ነገር ማንም ሊቃወም አይችልም።

የመልእክቱ ይዘት ባይነበብስ? ያው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በአንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነቱን የትራፊክ መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ማን ከማን ጋር፣ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየው ይህ መረጃ ብዙ ይናገራል። ያቺ እናት በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ እኔ፣ ከዚያም ወደ ወንድሟ መደወሏን ያየ ሰው አንድም ቃል ሳይሰማ ፍቺ ማሰቧን ይረዳል። መረጃው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሌላ እንዳይሰጥ አዋጁ መከልከሉ መልካም ነው፤ ትእዛዙ በተግባር ስንት ጊዜ እንደተጠየቀና ስንት ጊዜ እንደተከለከለ ግን ሕዝቡም ሊያውቀው ይገባል።

በጉዞ ላይ ስልካቸውን ክፈቱ ተብለው መልእክታቸው የተገላበጠባቸው ባለጉዳዮችም አሉኝ። ፈቃድ ያሳያቸው የለም፤ እነርሱም አልጠየቁም፤ ለመጠየቅ ፈርተዋልና።

በ2016 ዓ.ም የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ትልቅ እርምጃ መሆኑን አምናለሁ። ሆኖም ለአገር ደኅንነትና ለወንጀል ምርመራ ልዩ ሁኔታዎችን ስለሚተው፣ የጠለፋውን ጉዳይ በዚያ ተፈታ ብሎ ማለፍ አይቻልም።

መፍትሔው ከሌላ አገር ልምድ የራቀ አይደለም። የጀርመን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ የምርመራው ዓላማ በማይሰናከልበት ጊዜ ክትትል የተደረገበት ሰው እንዲነገረው ያዛል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግም ማስታወቂያው በመደበኛነት ጠለፋው ካበቃ በ90 ቀን ውስጥ መድረስ ያለበት ሲሆን፣ ዳኛው በበቂ ምክንያት ሊያዘገየው ይችላል፤ የጠለፋ ፈቃዶች ብዛትም በየዓመቱ ለሕዝብ ይወጣል። ሁለቱም አገሮች ከባድ የደኅንነት ስጋት ያለባቸው ናቸው።

ስለዚህ የጎንደር ሕዝብ የመረጣችሁ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 25 ተሻሽሎ ክትትሉ ሲያበቃ ለሰውየው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ፣ ማሳወቁን ለማዘግየት በዳኛ የሚወሰን የጊዜ ገደብ፣ እንዲሁም የፈቃዶቹን ብዛት በየዓመቱ ለምክር ቤቱ የማቅረብ ግዴታ እንዲጨመርበት የማሻሻያ ሐሳብ እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር