እንጨት እንደ ጡብ አይታገስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጅማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በእንጨት ሥራ የኖርኩ አናጢ ነኝ። በቅርቡ ሮም የምትኖረው ልጄ ዘንድ ሰንብቼ መጣሁ። የአክሱም ሐውልታችን በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት ለዓመታት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ አሳየችኝና፣ ከዚያው በእግር በጥንቱ የሮም ንጉሠ ነገሥት በካራካላ ስም ወደሚጠራው ባኞ ቤት ወሰደችኝ።

ባኞ ቤት ስትለኝ ትንሽ ክፍል ነበር የመሰለኝ። ግድግዳውን ቀና ብዬ ሳይ ኮፍያዬን በእጄ ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ216 ተመርቆ ሕዝብ የታጠበበት ነው፤ በ537 ጎቶች የሚባሉ ወራሪዎች ከተማዋን ከብበው የውኃውን ቦይ ሲቆርጡት ሥራው ቆመ። ልጄ ታሪኩን ታነብልኛለች፣ ዓይኔ ግን አሠራሩ ላይ ነው። የሙቅ ክፍሎቹ ወለል በአጫጭር የጡብ እግሮች ላይ የተዘረጋ ነበር። ከሥር እሳት ይነዳል፤ ትኩሱ አየር በእግሮቹ መሃል ያልፍና በግድግዳው ውስጥ ባሉ የሸክላ ቱቦዎች ሽቅብ ይወጣል። እሳቱን የሚማግዱት ባሪያዎች ነበሩ። እነሱ ከምድር በታች የተመላለሱበት መንገድ ጋሪ ያስገባል፤ እዚያ ላይ ብዙ ቆምኩ።

ጣራው ከወደቀ ስንት ዘመኑ! ዝናብ እየወረደበትም ጡቡ ቆሟል። ያኔ የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትዝ አለኝ። እሱ እንጨት ነው፤ ሰገነቱም፣ ደረጃውም፣ ቋሚውም። እንጨት እንደ ጡብ አይታገስም። ከዓመታት በፊት ከተማችን ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ለጥገና ተጠርቼ የሰገነቱን ቋሚ ከሥሩ በጥፍሬ ብጫነው ጥፍሬ እንደ ቡኮ ሰመጠ። ከላይ ቀለሙ አዲስ ነበር። አሸንዳው ተደፍኖ ሁለት ክረምት ውኃ ጠጥቶ ነው። የጅማን ዝናብ ደግሞ የምታውቁት ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን የምለምነው ትልቅ እድሳት ብቻ እንዳይጠብቁ ነው። በየዓመቱ ከሰኔ በፊት የጅሬኑ አሸንዳ ይጠረግ፣ የየቋሚው እግር በእጅ ይዳሰስ፣ የተለወጠ እንጨት ካለ ከየት እንደመጣና ማን እንደሠራው ይጻፍ። ጥርቡን የሚያውቁ ሽማግሌ አናጢዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ወጣቶች አጠገባቸው ሆነው ይማሩ። እኔ መሮዬን ይዤ በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።

አንድ አናጢ፣ ከጅማ