ጅረት ስትሻገሩ ሰማዩን ብቻ አትመኑ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅረት ተከትሎ ተራራ ስለመውጣት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የደኑ ጥላ፣ የውሃው ድምፅ፣ ሁሉም ልክ ነው። መሻገሩን ግን ዘለላችሁት። የጅረት ዳር መንገድ ደግሞ ሳያሻግር አይለቅም፤ አንዳንዱማ አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሳል።

አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር እንዲህ ዓይነት መንገድ ወጣን። ጠዋት ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም ነበር። ድንጋይ በድንጋይ እየተረማመድን አለፍነው። ከሰዓት ስንመለስ እዚያው ቦታ ቆመን ተያየን። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፣ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ውሃው ግን ደፍርሷል፤ ቅጠልና ጭራሮ እያንከባለለ ይወርዳል። ጠዋት የረገጥነው ነጭ ድንጋይ የለም። አንዱ ጓደኛችን «ቢበዛ ጉልበት ነው፣ እንግባ» ብሎ ሱሪውን መጠቅለል ጀመረ።

ለካ ከተራራው ጀርባ ሲዘንብ ነበር። ቁልቁለት ላይ የዘነበ ውሃ ፋታ የለውም፣ ወዲያው ጅረቱ ውስጥ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሉት ይሄ ነው። በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ አዋቂ ሰው ይጥላል። ጉልበት ከደረሰማ ወሬውም አይነሳ።

ውሃው ድንገት ከደፈረሰ ወይ ድምፁ ከወፈረ ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ መጠበቅ ነው። ትንሽ ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ ቶሎ ይጎድላል። እኛም ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጠን ጠበቅን። የነጩን ድንጋይ ጫፍ መጀመሪያ ያየው ያው ሱሪውን የጠቀለለው ልጅ ነው።

ስትሻገሩም ጠባቡን ቦታ አትምረጡ። አጭር ስለሆነ ያጓጓል፤ ግን ውሃው የሚጠልቀውም የሚፈጥነውም እዚያ ነው። ሰፊው ይሻላል። የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ፤ ብትወድቁ ቶሎ አውልቃችሁ ትጥሉታላችሁ። ጫማችሁን ግን አታውልቁ።

«ከጅረቱ እየጠጡ» ያላችሁትንም አልወደድኩትም። ጃርዲያ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥም ይኖራል፣ በዓይን አይታይም። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ደግሞ 3 ደቂቃ ይፍላ።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ላይ ያለው ወጣት ባዶ እግሩን ነው፣ የቦርሳውም ማሰሪያ ደረቱ ላይ ጥርቅም ብሏል። በሚቀጥለው ሌላ ፎቶ ብትመርጡስ?

አንባቢያችሁ