ከወንበሩ ቁጥር በፊት ወለሉ ይጠየቅ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የዓለም የዳንስ ቀን በየዓመቱ ሚያዝያ 21 ይከበራል። የዓለም አቀፉ የቴአትር ተቋም የዳንስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህን ቀን የመረጠው በ1727 የተወለደው የባሌት ሊቅ ዣን ዦርዥ ኖቬር ልደት ስለሆነ ነው። ቀኑ በደረሰ ቁጥር ጋዜጦች በትልቅ ተቋም ስር ስላልሆኑ ነጻ የዳንስ ቡድኖች ይጽፋሉ። የሚነሳው የገንዘብና የተመልካች ማነስ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ብዙ ዳንሰኞችን ያለ ዕድሜያቸው ከመድረክ ስለሚያስቀረው ወለል ግን ሲጻፍ አናይም።

ነጻ ቡድን የራሱ አዳራሽ የለውም። የሚለማመደው በስብሰባ አዳራሽ፣ በመማሪያ ክፍል፣ በምድር ቤት ነው፤ ከእግሩ ስር ያለውም ሴራሚክ ወይም በቀጭን ምንጣፍ የተሸፈነ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ አይረግብም። ዘሎ የሚያርፍ ዳንሰኛ የሰውነቱን ክብደት ሦስትና አራት እጥፍ ይቀበላል፤ ወለሉ ከዚህ ምንም ካልወሰደ ሁሉም ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ወደ ቅልጥም፣ ወደ ጉልበትና ወደ ወገብ ይወጣል። በአንድ ልምምድ ከመቶ በላይ ዝላይ ሊኖር ይችላል። ቀድሞ የሚመጣው የቅልጥም ሕመም ነው። እሱን ችሎ በዚያው ወለል ላይ የቀጠለ ሰው አጥንቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ ለሳምንታት ከልምምድ ያስቀራል። ትልቅ ተቋም ተተኪ ያስገባል። አምስት ሰው ያለው ቡድን ግን ትርኢቱን ይሰርዛል።

መፍትሔው ከሚታሰበው ይቀላል። 8 በ10 ሜትር የሆነ የመለማመጃ ክፍል እንውሰድ። የሲሚንቶው ልክ በውሃ ልክ ይፈተሽና ጎድጓዳው ይሞላል፤ እርጥበት ካለ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ተጭነው ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ ጠንካራ ፎም በትንንሹ ተቆርጦ፣ በመጀመሪያው ኮምፔንሳቶ ጀርባ ላይ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በማጣበቂያ ይያዛል። ለ80 ካሬ ሜትር 900 ያህል ቁራጭ ይሆናል። የፍራሽ ስፖንጅ እዚህ አይገባም፤ ብዙ ሳይቆይ ተጨፍልቆ ይቀራል። ኮምፔንሳቶው 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለት ድርብ ነው። 1.22 በ2.44 ሜትር ከሆነው ለአንዱ ድርብ 27 ይበቃል፤ ተቆርጦ የሚባክነው ሲታሰብ 30 ይያዝ፣ ለሁለቱ 60። ሁለተኛው ድርብ ከመጀመሪያው ጋር ተሻግሮ ይነጠፋል፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከዋለ ወለሉ እዚያ ቦታ ላይ ይሰበራል። ሁለቱን የሚያያይዘው ብሎን 20 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ራሱም እንጨቱ ውስጥ ይስመጥ። በግድግዳው ዙሪያ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይተዋል። አናጢዎች ይህን ክፍተት ለውበት ብለው ይዘጉታል፤ እንጨቱ በእርጥበት ወቅት ሲያብጥ መሄጃ ያጣና መሐሉ ይነሳል።

ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ግን ሌላ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ሞራሌ ተደርድሮ አንድ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ይመታበታል። ሲረግጡት ስለሚረግብ ጥሩ ወለል ይመስላል። ሞራሌው ላይ ግን ድንጋይ ነው፣ በሁለት ሞራሌ መካከል ደግሞ ይሰምጣል። እግር ለአንዱ ተዘጋጅቶ ሌላውን ሲያገኝ ይጣመማል። በእኛ እምነት ይህ ከወጥ ሲሚንቶ የባሰ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ያለ ዳንሰኛ ቢያንስ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

«የስፖርት ወለል አለን» የሚል መልስም እንሰማለን። የአውሮፓው የስፖርት ወለል ደረጃ ኢኤን 14904 ወለሉ ከሲሚንቶ ጋር ሲነጻጸር የማረፊያውን ኃይል ከ25 እስከ 75 በመቶ እንዲቀንስ ይጠይቃል። ይህ ለዳንሰኛም ይጠቅማል። ደረጃው ግን የኳስ መንጠርንም ይለካል፤ የተጻፈው ለጫማ ነው እንጂ በባዶ እግር ለሚሽከረከር ሰው አይደለም።

ስለዚህ የላዩ ልባስ ለብቻው ይታሰብ። ለዳንስ የሚሠራው ቪኒል (የፕላስቲክ ንጣፍ) በጥቅል ይመጣል፤ ስፋቱ 2 ሜትር ከሆነ ለዚህ ክፍል የ10 ሜትር አራት ጥቅል ይበቃል። ከመለጠፉ አንድ ቀን ቀድሞ ተዘርግቶ ይደር። ሙቀት ስለሚያሰፋው በሁለቱ ንጣፎች መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይተው። የሚያያይዘው ፕላስተር ሲለጠፍ አይወጠር፤ የተወጠረ ፕላስተር ተመልሶ ይሰበሰብና በትርኢቱ መሐል ጫፉ ይነሳል። ቪኒል አይታጠፍም፣ ሰም አይቀባም፣ የባሌት ጫማ እንዳያንሸራትት የሚደረገው የሙጫ ዱቄትም አይነሰነስበትም። ዱቄቱ አንዱን ቦታ ያጣብቃል፣ ሌላውን ይተዋል፤ እግር ተይዞ ሰውነት ሲዞር የሚጎዳው ጉልበት ነው። በውጭ ጫማ የመጣ አሸዋ ደግሞ ቪኒሉን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

የቀረው ብዙ አይደለም። ዳንሰኛ ዳንሰኛን ለማንሳት የሚመች፣ ወደ 4 ሜትር ከፍታ ያለው ጣሪያ፤ በሁለቱም ጎን በቅልጥም፣ በወገብና በራስ ቁመት የሚቆሙ መብራቶች፤ ከትርኢት በፊት ባዶውን መድረክ የሚያገኙበት ሰዓት። ከፊት ብቻ የሚመጣ መብራት ገላን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ ከጎን የሚመጣው ነው የእጅና የጀርባን ቅርጽ የሚያወጣው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1962 በኒውዮርክ የጀድሰን መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለወጣት ኮሪዮግራፈሮች (የዳንስ ቅንብር ፈጣሪዎች) ፈቀደ፤ ዛሬ ድኅረ ዘመናዊ ዳንስ የሚባለው ከዚያ ክፍል ብዙ ወስዷል። የተሰጣቸው ቦታና ሰዓት ነበር። ከተሞችም ብዙ ባዶ ክፍል አላቸው፤ ከላይ የዘረዘርነው ወለል ቢነጠፍበት አንዱ ክፍል ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ ለሦስት ቡድን ይሆናል።

ዝግጅት ክፍሉን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። «ሁለገብ አዳራሽ ተመረቀ» የሚል ዜና ሲጻፍ የወንበሩ ቁጥር ሁልጊዜ አለ። ዘጋቢው ወለሉ በምን ላይ እንደተነጠፈና ለነጻ ቡድኖች በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተያዘ ይጠይቅልን። መልስ ካላገኘ ራሱ ይፈትሸው፤ ጫማውን አውልቆ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በየግማሽ ሜትሩ በተረከዙ ይምታ። ድምፁ በየቦታው ከተለዋወጠ ወለሉ ወጥ አይደለም። የትም ቢመታ ደረቅ ድምፅ ሰጥቶ ተረከዙን ካሳመመው፣ ከስሩ ሲሚንቶ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዳንስ አሠልጣኞችና የመድረክ ቴክኒሻኖች